እስከ ዲማ ያስኬደኝ የበረዶ ሆኪ መጽሐፍ

እኛ ድሬዎች ዘንድ በረዶ ማለት በላስቲክ ተቋጥሮ ከፍሪጅ የሚወጣ ነገር ነው፤ ቤት እስክታደርሱት ግማሹ ውኃ ይሆናል። በዚህ አገር ተቀምጬ በረዶ ላይ ስለሚጫወቱት ሆኪ የተጻፈ መጽሐፍ ፍለጋ ጎጃም ደጋ ድረስ ሄድኩ ስላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም። ሒሩት አበደች ያላችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ይኸው ተመልሻለሁ። አብዛኞቻችሁን ወደዚያ የሚወስድ ጉዳይ አይኖርምና ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

የሆኪ መጽሐፍ ፍቅር የያዘኝ በሙቀት ምክንያት ነው። እንግሊዝኛ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከውጭ በእርዳታ ከመጣለት ካርቶን ውስጥ ስለ በረዶ ሆኪ የሚተርክ ልብ ወለድ አገኘሁና መብራት በጠፋበት በአንድ የግንቦት ቀትር ከፈትኩት። ሰዎቹ ጢማቸው ላይ በረዶ ተጋግሮ፣ ስለት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ፣ አንዲት ጥቁር ክብ ጎማ በቆልማማ ዱላ ያሳድዳሉ። አቦ! በሙቀት ቀን ስለ ብርድ ማንበብ ከቬንትሌተር ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። አንድም ጨዋታ በዓይኔ ዓይቼ አላውቅም፤ ግድም የለኝም። ጥሩ የሆኪ መጽሐፍ ጨዋታውን የማያውቀውን ሰው እንኳ ጣቱን ያቀዘቅዘዋል፤ መጥፎው የግብ ቁጥር ብቻ ይደረድራል።

ይህ ግን የደስታ ንባብ ነበር። ያስኬደኝ የወንድሜ ጉዳይ ነው። ጌታሁንን የሰፈራችን ሰው ያውቀዋል፤ ለማታውቁት፣ የአንጋፋዎቹ እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበር። አምና በሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሕፃን የሚያቆማት ኳስ እየተንከባለለች መጥታ በእግሮቹ መሃል ገባች። ሜዳው ሁሉ በሳቅ ተንከተከተ። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ በማግስቱ ድሬን አዳረሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጌታሁን ሜዳ አልረገጠም። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ሆነ፤ ያውም በሜዳው በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ሻይ ቤት መቀመጥ ተወ። ያ ተረበኛ ሰው ዝም ሲል ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ።

አንድ ቀን ከአሸዋ ገበያ አሮጌ መጽሐፍ ስበረብር ስለ አንዲት የበረዶ ሆኪ በረኛ የሚተርክ አገኘሁ፤ የጻፈችውም ራሷ ናት። ማታ ማታ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብለት ጀመር። መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚሰማው፤ በኋላ ዞረ። ሴትዮዋ በትልቅ ጨዋታ ላይ ከሜዳው መሃል የተመታች ዘገምተኛ ጎማ በእግሮቿ መሃል ታልፍባታለች። ሕዝቡ ይስቃል። የበረኛ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ወጥታ በበረዶው መንገድ በእግሯ ቤቷ ትሄዳለች። እዚያ ላይ መጽሐፉ አለቀ፤ የቀረውን ገጽ አንድ ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው ሰው ገንጥሎታል።

«ተመልሳለች» አልኩት።

«አልተመለሰችም። ምን ልትሆን ትመለሳለች?» አለ ጌታሁን። ደግሜ ደጋግሜ ስጨቀጭቀው፣ «እሺ እትዬ፣ ተመልሳ ከሆነ እኔም ሜዳ እወርዳለሁ። ካልተመለሰች ግን ሁለተኛ ስለ ኳስ እንዳታነሺብኝ። ማይ!» አለኝ። ማልኩ። ምን ላድርግ?

እንግዲህ መጨረሻውን ማግኘት ነበረብኝ። ኮሌጅ አብራኝ የተማረችው በላይነሽ ደብረ ማርቆስ ታስተምራለች፤ እዚያ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት በእርዳታ የመጡ የሆኪ መጻሕፍት እንዳሉት፣ የእኔም መጽሐፍ ስሙ ካርዱ ላይ እንዳለ ጻፈችልኝ። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እስኪደርስ ጠበቅኩና፣ መንገዱም ክፍት መሆኑን ካረጋገጠችልኝ በኋላ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከድሬ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁና አልደክምበትም። ጌታሁን ሻንጣዬን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ፤ በሜዳው በኩል ቀርቦ ሳለ በገበያው አዞረኝ። ልሰድበው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት አደርኩ። አክስቴ የምሄድበትን ስነግራት፣ «ለመጽሐፍ? እዚህ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?» አለች።

ረቡዕ

ማለዳ ላይ የማርቆስን አውቶቡስ ያዝኩ። ሹራቤን ሻንጣው ውስጥ፣ ሻንጣውን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አድርጌ በስስ ሻሽ ተቀመጥኩ፤ የቆላ ሰው ብልጠት ይኸው ነው። ፍቼን አልፈን ስንሄድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግን ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ በጋዜጣ ሲያራግብ እኔ ገና ሰው ሆንኩ። እንደ ቤቴ ሞቀኝ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ «አንቺ ልጅ፣ ደስ ብሎሻል እንዴ?» አሉኝ በጥርጣሬ።

ደስታዬ አልቆየም። የጎጃምን ዳገት ስንያያዘው አውቶቡሱ ፈላና ቆመ። ሁላችንም ወረድን። ሾፌሩ ውኃ አልያዘም። ማንም ሳይለምነው ተሳፋሪው የየራሱን የመጠጥ ውኃ እያወጣ ሰጠው፤ አንዲት ሙሽራ የምትመስል ልጅ የአምቦ ውኃዋን ሳይቀር አመጣች። ድሬ ቢሆን መጀመሪያ ሾፌሩን አብረን እንሰድበው ነበር፤ እዚህም ተሰደበ፣ ግን ውኃው ከገባ በኋላ ነው። አናት ላይ ስንወጣ ብርዱ እንደ ጥፊ ተቀበለኝ። ይኼኔ እኒያ እናት ከለበሱት ጋቢ ግማሹን አነሡና ትከሻዬ ላይ ጣሉት። እስከ ማርቆስ ድረስ በአንድ ጋቢ ውስጥ ሁለት ሆነን ሄድን። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ጭንቅላታቸው እኔ ላይ ነበር።

ደጀን ምሳ በላን፤ ረቡዕ ነውና ሽሮ። እንጀራው ግን ምን የመሰለ የማኛ ጤፍ ነው! እኛ አገር ለሠርግ የማይገኝ እንጀራ ለመንገደኛ ይቀርባል። ማርቆስ ስደርስ በላይነሽ ሁለት ጋቢ ታቅፋ ቆማለች። «እንዲህ ሆነሽ እንደምትመጪ አውቄ ነው» አለችኝ፤ ሻሼን ዓይታ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ

ቤተ መጻሕፍቱ ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ ከውስጡ ይልቅ በረንዳው ይሞቃል። ኃላፊው አቶ ይበልጣል መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው፣ ኮት ላይ ካፖርት ደርበው ተቀምጠዋል። በትሕትና ተነሥተው እጅ ነሡኝ። በቀጥታ ወደ ስፖርት መደርደሪያ ሄድኩ። እግር ኳስ አለ፣ ቮሊቦል አለ፣ ቼዝ አለ። ሆኪ የሚባል የለም።

«ምን አጡ፣ መምህርት?» አሉኝ።

«የሆኪ መጻሕፍት አሉ ብለውኝ ነበር።»

«አሉ እንጂ! እዚያ ምን ያደርጋሉ? በዚህ ይምጡ።» ወስደው «ባህልና በዓላት» ከሚለው መደርደሪያ ፊት አቆሙኝ። ከጥምቀትና ከሠርግ መጻሕፍት መሃል በእጃቸው ጽፈው «ገና» የሚል ምልክት ለጥፈዋል፤ ከምልክቱ ሥር ሙሉ አንድ ረድፍ የበረዶ ሆኪ!

አንዱን ስቤ አወጣሁ። «አቶ ይበልጣል፣ ይኼ እኮ ገና አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ሥዕሉን አይቻለሁ እኮ። ዱላው ቆልማማ ነው። ሁለት ጎራ ነው። የሚያሳድዱት ሩር ነው፣ እንደኛዋ የእንጨት ኳስ፤ የእነሱ ጠፍጣፋ ሆነ እንጂ። ጥርሳቸውም ረግፏል። የሚጫወቱትም በብርድ፣ በገና ሰሞን ነው። ታዲያ ይኼ ገና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አሉ።

እውነቴን ነው፣ እስከዛሬ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ እንደዚህ ያለ ጥሩ ማብራሪያ አላየሁም።

ያን ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ በሁለት ጋቢ ተጠቅልዬ ሳነብ ዋልኩ። አንዱ የልጆች መጽሐፍ ነው፤ አባት ከሥራ ሲመለስ በየማታው ጓሮውን ውኃ እያጠጣ ያስተኛዋል፣ ጠዋት ልጆቹ ሲነሡ ጓሮው መጫወቻ ሆኖላቸዋል። እኛ ግቢያችንን ውኃ የምናጠጣው አቧራ እንዳይነሣ ነው። ሌላው በጨዋታው ዕረፍት በረዶውን በመኪና እየዞረ የሚያለሰልስ ሰው የጻፈው ነው፤ አንድም ጊዜ ግብ ሳያገባ ዕድሜ ልኩን ሲጨበጨብለት እንደኖረ ይተርካል። ይኼንን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ደግሞ ስለ ሕጉ ብቻ የተጻፈ ደረቅ መጽሐፍ አለ፤ እሱንም ወደድኩት፤ ከሰው የተጣላ ተጫዋች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል ይላል። እኛ መምህራን ክፍል እንዲህ ያለ ሳጥን ቢኖር ስንት ሰላም ይወርድ ነበር።

የእኔ መጽሐፍ ግን ከረድፉ ውስጥ የለም። አቶ ይበልጣል ካርዱን ዓይተው ራሳቸውን አከኩ። ከገና በፊት ሙሉቀን የሚባል የደብረ ወርቅ መምህር፣ የአገሩ የገና ተጫዋቾች አለቃ፣ ለልምምድ ይጠቅመናል ብሎ ወስዶታል። ቀኑ አልፏል። ደወሉለት።

«መጽሐፉ ደህና ነው» አለ ከወዲያ የመጣው ድምፅ። «ግን አንድ ላይ አይደለም።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

«አንድ ላይ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ። አቶ ይበልጣል ፊታቸው አመድ መስሏል።

ዓርብ

በማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። በመጣሁበት መንገድ በአምበር፣ በሉማሜ ተመልሶ፣ ደጀን ላይ ሌላ ሚኒባስ ተይዞ በቢቸና በኩል ነው የሚኬደው። ትላንት ወዲያ በደጀን ሳልፍ እዚያው ብወርድ ኖሮ ይኼን ሁሉ ባልዞርኩ እያልኩ ተበሳጨሁ።

አጠገቤ የተቀመጠ ገበሬ ምን ፍለጋ እንደምሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው። «በረዶ ላይ ይጫወታሉ?» ብሎ ጮኸ። «ሆን ብለው?» ሚኒባሱ ሁሉ ዞረ። ዘንድሮ በረዶ የማን ስንዴ እንዳጨደ፣ የማን ባቄላ እንዳራገፈ መቆጠር ተጀመረ። አንዲት ሴት፣ «ጌታዬ፣ በእኛ መከራ ይጫወቱበታል!» ብላ አማተበች። በሐይቅ ላይ የሚጋገር ሌላ ዓይነት በረዶ እንደሆነ፣ ሰብል እንደማይነካ እስከ ደብረ ወርቅ ሳስረዳ ሄድኩ። ስወርድ ገበሬው ዕቃዬን አውርዶ ሰጠኝና፣ «ብቻ ወደዚህ እንዳታመጪብን» አለኝ።

መምህር ሙሉቀን ረጅም፣ ፈገግተኛ፣ ፊት ጥርሱ አንዷ የጎደለች ወጣት ነው። የጎደለችው በገና እንደሆነ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ቤቱ አስገብቶኝ ባለቤቱ ምስር ወጥ አቀረበች፤ እኔ ግን ወደ ገበታው እጄን አልዘረጋሁም። «መጽሐፉስ?» አልኩት።

ከሣጥን አንድ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ናቸው፤ በነጭ ክር ታስረዋል። ሽፋን የለ፣ የቀረው የለ።

«አቦ! ይኼ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እኮ ነው! ማን ገነጣጠለው?»

«ኧረ አልተገነጠለም፣ መምህርት። ተፈታ እንጂ» አለ ተደናግጦ። ነገሩ እንዲህ ነው። የገና ተጫዋቾቹ መጽሐፉን ሲቀባበሉት ስፌቱ ላላ። ሙሉቀንም ዲማ ወደሚኖሩት ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ ወሰደው፤ መሪጌታ የብራና መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸውም በብራናው ልማድ አደረጉት። አንድ የብራና መጽሐፍ ብዙ ሰው ሊማርበት ሲፈልግ ስፌቱ ይፈታና በየጥራዙ ይከፋፈላል፤ አንዱ አንዱን ጥራዝ ሲያጠና ሌላው ሌላውን ይይዛል፤ ሁሉም ሲያልቅ ተመልሶ ይሰፋል። ሆኪውም እንዲሁ ተፈትቶ ለስድስት የገና ተጫዋቾች ታደለ። በየእሑዱ ተሰብስበው ሙሉቀን እያነበበ ይተረጉምላቸዋል።

«አንድ መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻ ሲይዘው አያሳዝንም?» አለኝ ሙሉቀን፣ እኔ ያላሰብኩበት ነውር እንደሆነ ሁሉ።

«የመጨረሻው ጥራዝ የት ነው?»

«መሪጌታ ዘንድ። ገና አልደረስንበትም።»

በዚያ ቤት በሦስት ጋቢ ተኛሁ። ሚስትየው ጠዋት እግሬ ላይ አራተኛ ጨምራ አገኘሁት።

ቅዳሜ

መኪና እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን ከሙሉቀን ጋር በእግር ያዝን። የድሬ ክፍት ጫማዬ ዳገቱ ላይ ማሰሪያው ተበጠሰ። ሙሉቀን በክር ሊያስረው ሲሞክር ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ቆመች፤ ጫማዬን ዓየች፣ እግሬን ዓየች፣ ከዚያ የራሷን የላስቲክ ጫማ አወለቀች። «በሞቴ አድርጊው። እኔ ቤቴ ይኸው ነው። ስትመለሺ ከበሩ ላይ አኑሪው» አለች። አላደርግም ብል አላፈናፈነችኝም። ከእግሬ ትንሽ ይሰፋል፤ ዲማ ድረስ ቧ ቧ እያልኩ ገባሁ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ከዛፍ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው መርፌ ያሾላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ነገር ያያል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሥራቸውን አቆሙ።

«ከድሬዳዋ? መጨረሻውን ለማየት?»

«አዎን የኔታ። ወንድሜ እየጠበቀኝ ነው።» የጌታሁንንም ነገር፣ የተማማልነውንም ነገርኳቸው። «እባክዎን፣ ተመልሳለች ወይስ አልተመለሰችም? ይኼን ብቻ ይንገሩኝና ልሂድ።»

«አላውቅም።»

«መጨረሻው ያለው እርስዎ ዘንድ አይደለም?»

«እኔ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛ ጨርሶ የማላውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው እኔ ዘንድ የተቀመጠው። ከእነዚህ የገና ልጆች ለአንዱ ብሰጠው ቃል በቃል እየለቀመም ቢሆን ሳያየው አያድርም» ብለው ሙሉቀንን በዓይናቸው ጠቆሙት። ሙሉቀን ወደ መሬት ዓየ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው ሲበተን ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ይነበባል። ደግሞ ልማዳችንን ልንገርሽ። የቀድሞውን በቃሉ ያላለ ሰው አዲሱ አይነበብለትም። አንቺም ትያለሽ።»

ለመንኩ። ተቆጣሁ። አልቅሼም ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። መሪጌታ እርጎ አስመጡልኝ። ሾፌሩን ከመስደባቸው በፊት ውኃ እንደሰጡት ሁሉ፣ እዚህ አገር ከክርክሩ መስተንግዶው ይቀድማል ማለት ነው። ከጉብታው ላይ ኔትወርክ ይገኛል ብለውኝ ወጥቼ ለጌታሁን ደወልኩ።

«ነገ ቀትር ላይ ስልክህን ሞልተህ ጠብቅ።»

«አልተመለሰችም አልኩሽ እኮ» አለና ዘጋው።

እሑድ

ሰንበቴው ሲበተን ሰዎቹ ከጉብታው ሥር ተሰበሰቡ፤ ስድስቱ የገና ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ጥራዛቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ሌሎችም ነበሩ፣ ሴቶችም ሽማግሌዎችም፣ የትላንቷ ባለ ጫማም ሳትቀር። የተረፈው ዳቦና ጠላ አብሮ መጣ። እኔ ለጌታሁን ደውዬ፣ ኔትወርኩ እዚህም ትንሽ ስለሚደርስ ስልኬን ከፍ አድርጌ ድንጋይ ላይ አስደገፍኩት። ጌታሁን ወዲያ ማዶ አለ፤ ሲተነፍስ ይሰማል።

የገና ሰዎቹ መጀመሪያ የሚከራከሩት ነገር አላቸው። ሌላው ሁሉ ሲሮጥ አንዷ ተነጥላ ቆማ የምትጠብቅበት ምክንያት አይገባቸውም፤ ገናችን ውስጥ በረኛ የለም። «ምን በደለች?» አለ አንዱ። «ቅጣት ነው?» መሪጌታ፣ «ዝም በሉ፣ የቀድሞው ቀለም በቃል ይባል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

በረኛዋ ከተወለደችበት መንደር ጀመርኩ። አባቷን፣ ወንድሞቿ ማንም በር ላይ መቆም ስላልፈለገ እሷን እንዳቆሟት፣ ጥርሷ የተሰበረበትን ቀን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ። ወደ ትልቁ ጨዋታ ስደርስ ግን ስልኩን አየሁት። ጌታሁን እየሰማ ነው። እንዴት አድርጌ ልበለው? «ከዚያ ጨዋታው አልተሳካላትምና ወደ ቤቷ ሄደች» አልኩና አለፍኩ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ዘለልሽ።»

«የኔታ፣ ዋናው ነገር…»

«ጎማዋ የገባችባትን ዘለልሽ። እንዴት እንደገባች ይባል።»

ሁሉም ያየኛል። ይኼን ያህል መንገድ መጥቼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልቀር ነው። ያኔ ስልኩ ተናገረ።

«እኔ ልበለው» አለ ጌታሁን።

ሰዎቹ ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ጌታሁን ቀስ ብሎ ጀመረ። ጎማዋ ከሜዳው መሃል መጣች አለ። ቀስ ብላ ነው የመጣችው። ፈጣኗን በረኛ በእጁ ይይዛታል፣ ለማሰብ ጊዜ የለውም። ቀርፋፋዋ ግን ታሳስባለች። ይዤ ለማን ላቀብል ትያለሽ። ሕዝቡን ታያለሽ። ያኔ ጉልበትሽ ሳይታዘዝሽ ይከፈታል፣ ከኋላሽ መረቡ ሲነቃነቅ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ከፊት አይደለም የሚመጣው፣ ከኋላ ነው።

ከተናገረው ግማሹ መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ ብቻ አወቅኩ፤ መሪጌታም ያወቁ መሰለኝ። ከገና ተጫዋቾቹ አንዱ አላስችል ብሎት በሳቅ ፈነዳ፣ ወዲያው አፉን ያዘ።

«ሳቅ ግዴለህም» አለ ጌታሁን። «ያስቃል እኮ። እኔም በሰው ሳየው ያስቀኛል።» ድምፁ ውስጥ ያ የድሮው ተረብ ነበረበት፤ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት።

መሪጌታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፤ ጆሮው ሩቅ የሆነ ሰው እንደሚያናግሩ ጮክ ብለው፣ «አንተ ማነህ ልጄ? ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«በረኛ ነኝ አባቴ» አለ።

ነበርኩ አላለም። እንባዬን በጋቢው ጠረግኩት።

«ተብሏል» አሉ መሪጌታ፤ ከብብታቸው የመጨረሻውን ጥራዝ አወጡና ሰጡኝ።

አንዱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አነባለሁ፣ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ እንዲያ እያልን ወረድን። በረኛዋ ክረምቱን ሙሉ ቤቷ ተቀመጠች። ዱላዋን ለዶሮ ቤት በር መቀርቀሪያ አደረገችው። አንድ ቀን የመንደሯ ሴቶች በረኛ ጎደለባቸውና መጥተው በሯን መቱ። አልሄድም አለች። ሴቶቹ አልለመኗትም፤ በሯ ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ጠጡ። መጨረሻ ላይ በብርድ መቀመጣቸው አሳዝኗት ወጣች።

«ተመለሰች!» ብዬ ጮህኩ። እልል ተባለ። አንደኛው ተጫዋች የያዘውን ጥራዝ ወደ ላይ ሊወረውር ሲል ሙሉቀን ያዘው።

«አንብቢ፣ አላለቀም» አሉ መሪጌታ።

በረዶው ላይ ቆመች። የመጀመሪያዋ ጎማ ተመታች። በእግሮቿ መሃል ገባች። እልልታው ቀጥ አለ። እንዲህ ያለ መጨረሻ ይጻፋል? ቀጥዬ አነበብኩ። ሕዝቡ ሳቀ። እሷም የብረት ጭንብሏ ውስጥ ሆና ሳቀች፤ ሳቋ ጭንብሉ ውስጥ እያስተጋባ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለተኛዋን ጠበቀች። የቀረውን ጨዋታ ስንት እንደገባባት አልጻፈችም። መጽሐፉ አበቃ።

ያቺ ባለ ጫማ፣ «ጎበዝ!» አለች። ክርክሩ ተጀመረ፤ አንዱ በረኛ ለገናም ያስፈልገናል ይላል፣ ሌላው ያሳፍራል ይላል። እኔ ስልኩን አነሣሁት። ጠፍቷል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም። ተመለሰች ስል ነው? ጎማዋ ስትገባ? እዚያ ላይ ተቋርጦ ከሆነ ጌታሁን የሚያውቀው እንደገና መዋረዷን ብቻ ነው። ጉብታው ላይ እየሮጥኩ ወጥቼ ደጋግሜ ደወልኩ። አይነሣም።

ሰኞ

ጠዋት መሪጌታ ስድስቱን ጥራዞችና የራሳቸውን አንድ ላይ ሰፉ። የወረቀቱን ሽፋን አልወደዱትም፤ ጣውላና ቀይ ቆዳ አዘጋጅተው ጠብቀውናል። የበረዶ ሆኪው መጽሐፍ ዳዊት መስሎ ወጣ። «አሁን መጽሐፍ ሆነ» አሉ። የሴትየዋን ጫማ ከበሯ ላይ አኖርኩ፤ ሙሉቀን ማሰሪያውን በጠፍር ሰፍቶልኝ በራሴ ጫማ ወረድኩ። በየመንገዱ ደወልኩ። አይነሣም። ቢቸና ላይ ምሳ ቀርቦልኝ አልበላሁም፤ ደጀን ላይ ሚኒባሱ ጎማው ፈንድቶ ቆመን ሳለን ሰው ሁሉ ሲቀልድ እኔ ዓይኔን ስልኬ ላይ ተክዬ ቀረሁ። ተረበኛዋ ሒሩት ዝም ማለት እንደምትችል ብታዩ።

ማርቆስ የደረስኩት ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሲል ነው። አቶ ይበልጣል ቀዩን ቆዳ ሲያዩ ተነሥተው ቆሙ፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ገለጡት፣ አገላበጡት፣ አንድም ገጽ አለመጉደሉን ዓይተው እፎይ አሉ። «ይኼንንስ እንግዲህ የት ነው የማኖረው?» አሉ ለራሳቸው። ጥቂት አሰቡና እዚያው «ገና» ከሚለው ሥር ቀጥ አድርገው አቆሙት። ክፉ ቦታ ነው ለማለት አልደፈርኩም።

በረንዳው ላይ ወጥቼ አንድ ጊዜ ደግሜ ደወልኩ። ተነሣ።

«ጌታሁን! ትላንት የት ድረስ ሰማህ? ተቋረጠ እኮ፣ ስማኝ፣ ጎማዋ ከገባችባት በኋላ…»

«እትዬ፣ አሁን አይመቸኝም» አለ። ያለከልካል። ከኋላው ጩኸት አለ፣ የልጆችም የትልልቅ ሰዎችም፤ የሰፈራችን ጩኸት ነው፣ የትም ብሆን አውቀዋለሁ። «በኋላ እደውላለሁ፣ መጡብኝ» አለ፤ ስልኩንም ሳይዘጋ የሆነ ቦታ ወረወረው፣ ሣር ሲያንኮሻኩሽ ሰማሁ።

የሚሮጥ እግር። የአንዱ ፊሽካ። ከዚያ አንድ ላይ፣ «ገባ! በእግሩ መሃል ገባ!» እያሉ ሲንጫጩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩት።

ሳቁ ፈነዳ። ከሁሉም ቀድሞ የፈነዳው፣ ከሁሉም በኋላ ያላቆመው ደግሞ የጌታሁን ሳቅ ነበር።